ሰባት መቶ፣ ከዚያ አርባ

ፊደል የቆጠርኩት በብስክሌት ፖምፓ እየተመታሁ ነው። ያኔ ሠላሳን አልፌ ነበር። መቺዬ በዕድሜም በክንድም ያንሰኛል፤ አንድ ቡጢ ባሳርፍበት የማይነሳ ከሲታ ነው። ሆኖም ጠረጴዛው ላይ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይመታኛል። እንዲመታኝ የለመንኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ቦታው በደቾች አገር ዴን ሃግ ከተማ ነው፤ ትራንስቫል የሚባል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ደረጃው ዓሣ ዓሣ የሚሸት ቤት። አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን ነበር። እኔ አሰብ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጨረሻ በመርከብ ሠራተኝነት ሮተርዳም ደረስኩ፤ መርከቡ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። እሱ የደብር ልጅ ነው። ዲቁና ተቀብሎ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ሲጀምር ግድያው በዛና ሸሸ። ያገሬ ሰው ሁሉ ዲያቆኑ ይለዋል።

እኔ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ጣቴን ቀለም ውስጥ ስነክር የምትስቅ አንዲት ጸሐፊ ነበረች። ወደብ ላይ በዱላ ተመትቻለሁ፤ መርከብ ላይ በሰንሰለት ተመትቻለሁ፤ እንደዚያች ሴት ሳቅ ያመመኝ የለም። ቤት ገብቼ ዲያቆኑን «አስተምረኝ» አልኩት።

«እኔ የማውቀው አንድ የማስተማሪያ መንገድ ብቻ ነው» አለ። «የተማርኩበትን።»

«በምን ተማርክ?»

«በአርጩሜ።»

«እዚህ አገር አርጩሜ ከየት ታመጣለህ?»

ዞር ዞር ብሎ አየና ከግድግዳው ሥር የተጋደመውን የብስክሌቴን ፖምፓ አነሳ። እጁ ላይ መዘነው። «ይሆናል» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስመለስ እራት እንበላለን፣ ሳህኑ ይነሳል፣ ፊደሉ ይዘረጋል።

«ይቺ ማናት?»

«ቸ።»

«ተ ናት፣ አንተ ግንድ!» ጧ! ማጅራቴ ላይ።

«የኔታ፣ አንገቴን እንዳይሰብሩብኝ፤ ነገ ሥራ አለኝ» እለዋለሁ፣ ለቀልድ አንቱ እያልኩ።

«አንገትህ ለሥራ ምን ያደርግልሃል? በእጅህ አይደል የምትሠራው!»

ይህቺን ነገር እንዳለች አስቀምጡልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሰው ይህን ስነግረው ያዝንልኛል። አትዘኑ። ያ ሰው ማጅራቴን አበልዞ ዓይኔን አበራልኝ። የአማርኛውን ስጨርስ የፈረንጁን ፊደል በዚያው ፖምፓ ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ደግሞ የግዕዙን ቁጥር አመጣ። «ምን ያደርግልኛል?» ስለው «የጀመሩትን መጨረስ ነው» አለ። ወረቀት ላይ ፪፻፵ ብሎ ጻፈ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት… መቶ… አርባ።»

«ተመልከት። ሁለቱ ላይ ቤት ነው፣ አርባው ታች ቤት ነው። መቶው መሐላቸው ቆሞ የላይ ቤቱን ያበዛዋል። ካበዛኸው በኋላ ከታች ቤቱ ጋር ታጋጥመዋለህ። ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች አንድ ትልቅ ቁጥር ሆኑ።»

«ላይ ቤቱ ባዶ ከሆነስ?»

«ባዶን ማን ይጽፋል? አርባን ብቻ ትጽፋለህ። በእኛ ቁጥር ባዶ የሚባል ምልክት የለም። የሌለን ነገር አንጽፍም።»

ተመታሁባትና ገባችኝ።

ያኔ የምሠራው ሮተርዳም፣ ላሜራ የሚታጠፍበት ዎርክሾፕ ውስጥ ነበር። ሰው የሚከባበርበት ቤት አልነበረም። ባለቤቱን ባስ፣ አለቃ እንደማለት፣ እንለዋለን፤ ሲቆጣ እጁ ላይ ያለውን የብሎን መፍቻ ኪያቤ ይወረውራል። አንድ ጊዜ ጆሮዬ ሥር አልፎ መስኮት ሰበረ። ኪያቤውን አንስቼ መልሼ ወረወርኩለት፤ ትከሻውን አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ተግባባን። ሠራተኛውም እርስ በርሱ በቡጢ ነበር የሚነጋገረው። ምሳ ሰዓት አፍንጫው ያልደማ ሰው ከተገኘ በዓል ነው።

ላሜራ የሚያጥፈው ፕረስ ከላይ የሚወርድ ረጅም ብረት አለው። መንጋጋ ነበር የምንለው። ድሮ በፔዳል ነበር፤ ስትረግጥ ይወርዳል፣ ስትለቅ ይቆማል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ግን ባስ በኮምፒውተር እንዲሠራ ፈለገ። መንጋጋው ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚቆም በቁጥር የሚጻፍበት ሳጥን። ለዚያ ሥራ ሰው ሲፈልግ ዲያቆኑን ወሰድኩለት። ዲያቆኑ ያኔ የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ፈቃዱም በሥራ ብቻ የሚታደስለት ሰው ነበር። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ባስ ወደደው።

ዲያቆኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጠው። ምሳ ሰዓት አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እየሳቀ «ና፣ የኔታህ ጉድ አገኘ» አለኝ።

«ምን አገኘህ?»

«ይህ ማሽን የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ መያዝ አይችልም። ከዚያ ካለፈ ሁለት ቤት ትሰጠዋለህ፤ ላይ ቤትና ታች ቤት። በላይ ቤት ያለችው እያንዳንዷ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ናት።»

«መሐል ላይ መቶው ሲቆም እንዳልከኝ?»

«አዎ! በመቶው ፈንታ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቆመ በለው። ሰባት መቶን ልጻፍልህ፤ ላይ ቤት ሁለት፣ ታች ቤት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሁለቱን ወደ ግራ ገፋ አድርጌ ከታችኛው ጋር አጋጥመዋለሁ። ያለቀለት ሰባት መቶ!»

እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ደብር የተማረው ነገር እዚህ ብረት ውስጥ ጠበቀው። የማሽኑ ማስታወሻ ጠባብ ነው፣ ቦታ መቆጠብ አለብኝ ይል ነበር። እኔም ኮራሁበት፤ የእኔ የኔታ ነው ብዬ።

ሳጥኑ ተገጠመ። ባስ ራሱ መጥቶ አሠራሩን አሳየን። ጥልቅ ለሆነው እጥፋት ሰባት መቶ እንጽፋለን። አዲስ ዓይነት ላሜራ ስንጀምር ደግሞ መጀመሪያ አርባ እንጽፋለን። አርባ ሲባል መንጋጋው ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ከላሜራው ገና ሩቅ ነው። ያን ጊዜ በእጃችን ላሜራውን ወደ መስመሩ እናስተካክላለን። «እጅህን ከሥሩ አታውጣ፣ ጊዜ አትፍጅ» አለን ባስ። ፕረሱ ግንባር ላይ ግን መንጋጋው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እጅ ማስገባት ክልክል ነው የሚል ቆርቆሮ ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ። ባስም አንብቦታል። ሁላችንም አንብበነው እጃችንን እናስገባ ነበር፤ የሚከፍለን ቆርቆሮው አይደለማ።

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ በሰባት መቶ ሠራን። ከምሳ በኋላ ትንንሽ ላሜራ መጣ፤ ሳጥኑ ከተገጠመ ወዲህ በቀን መሐል ዓይነት ስንቀይር የመጀመሪያችን ነበር። አርባ ጻፍኩ። በቀኝ እጄ ላሜራውን ይዤ ፔዳሉን ረገጥኩ።

መንጋጋው አርባ ላይ አልቆመም።

ሲመጣ አየሁት። ከድሮው ፔዳል የለመደ እግሬ ተነሳ። ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ግን ፔዳል መልቀቅ ዋጋ የለውም፤ የተባለው ቦታ ሳይደርስ አይቆምም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሕመም አልነበረም። ፊቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ሲረጭ የማን ደም ነው ብዬ ዞር አልኩ። መንጋጋው እዚያው ቆሞ ነበር፣ እጄን ነክሶ። ጎትቼ ላላቅቀው ስሞክር ቆዳዬ እንደ ጓንት ወለቀ። ሳጥኑ ላይ አሁንም አርባ ይላል። ዲያቆኑ ከጥጉ ሲሮጥ አየሁት፣ ወዲያው ባስ እንደ በሬ ሲያገሳ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት። ሦስቱም ሄዱ። «በእጅህ አይደል የምትሠራው» ያለኝ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ድሮ የምፈርምበት ጣት የሄደው መፈረም ከቻልኩ በኋላ ነው።

ሆስፒታል መጀመሪያ የመጣው ዲያቆኑ ነው፣ ብቻውን። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና በጥፊ የራሱን ፊት መታ። ደግሞ መታው።

«ተው» አልኩት። «ምን ሆነሃል?»

«ላይ ቤቱን አላጠፋሁትም።»

«የምን ላይ ቤት?»

«ሰባት መቶ ስትጽፉ ላይ ቤት ሁለት ገባ። ከዚያ አርባ ስትጽፍ ላይ ቤት የሚገባ ነገር የለም። ከሌለ እለፈው ብዬዋለሁ፣ ቦታ ለመቆጠብ። አለፈው። ሳጥኑ ስላልጠፋ የጠዋቱ ሁለት እዚያው ተቀምጦ ነበር። አርባው ከአሮጌው ሁለት ጋር ተጋጠመ።»

«ስንት ሆነ?»

«አምስት መቶ ሃምሳ ሁለት።»

መንጋጋው ላሜራውን የሚነካው አምስት መቶ ላይ ነው። 

«ባዶ መጻፍ ነበረብኝ» አለ። «እኛ ባዶ አንጽፍም፤ ማሽኑ ግን ካልጻፍክለት የድሮውን ይዞ ይቆያል። ስሞክረው ሁልጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ነበር የምወጣው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ወርጄ አላየሁም።»

አልተሳደብኩም። ሰው ይሳሳታል። እኔም ብዙ ጊዜ ተን ቸ ብያለሁ።

በማግስቱ ባስ ከመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪው ጋር መጣ። ዲያቆኑን ለአስተርጓሚነት ይዘውታል። ለእኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር፤ የወደብ ደችኛ አለኝ፣ ስድብም ሰላምታም እሰማለሁ። ግን የጠየቀኝ የለም። ተቆጣጣሪው ሽበታም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ባስ ቀደመው።

«ክልክል ነው የሚለው ቆርቆሮ እዚያው ተለጥፏል» አለ። «ችግሩ እሱ ማንበብ አይችልም። ፊደል የማያውቅ ሰው ነው፣ ምን ላድርግ?»

ተቆጣጣሪው ወደ ዲያቆኑ ዞረ። «አንተ ታውቀዋለህ። ማንበብ ይችላል?»

ዲያቆኑን አየሁት። እሱ ወለሉን አየ። ያስተማረኝ እሱ ነው። በአንገቴ ላይ የጻፈው እሱ ነው። አሁን አንድ ቃል ብቻ ይበል፤ ይችላል ይበል።

«በጎልማሳነቱ ነው የተማረው» አለ በደችኛ። «በደንብ አያነብም።»

የውሃውን ጠርሙስ በግራ እጄ አንስቼ ወረወርኩት። ግራ እጄ ገና ሥራ አልለመደም፤ ዲያቆኑን ስቶ ግድግዳው ላይ ፈነዳ። ከአልጋ ዘለልኩ፣ የእጄ ስፌት ተበጠሰ፣ ነርሶች መጥተው ተኙብኝ። ባስ ለተቆጣጣሪው «አየኸው?» ሲለው ሰማሁ። «እንዲህ ነው እሱ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ጣቶቼ አይመለሱም፤ ያን ቆርጬ ተቀብያለሁ። ፊደል የማያውቅ ስለሆነ ተቆረጠ የሚባለውን ግን አልቀበልም። ያቺ ጸሐፊ ዳግመኛ ስትስቅ ይታየኝ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ ትራንስቫል ሄጄ ፖምፓውን ወሰድኩ። ዲያቆኑ ሥራ ከያዘ ወዲህ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ ለብቻው ይኖር ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ። በሩን ከፈተ፣ እጄ ላይ ያለውን አየ፣ በሩን አልዘጋውም።

«ግባ» አለ።

መጀመሪያ አፉን ነው የመታሁት። ጥርሱ ሲሰበር በፖምፓው ውስጥ እጄ ድረስ ተሰማኝ። ወደቀ። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ የሸሸገውን ጭንቅላቱን መታሁት። ወንበር ተሰበረ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። እኔ ለግድግዳውም አንድ ሰጠሁት። ዲያቆኑ አልጮኸም፣ እጁንም አላነሳም። በደም አፉ «ጨምር» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ጨምር። ይገባኛል። እስኪበቃህ ምታኝና ይለቅ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ዱላውን ፈልጎታል። ዱላ ለእሱ ቀላሉ ነው፣ ያደገበት ነው፤ ተመትቶ፣ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ዕዳዬን ከፍያለሁ ሊል ነው። የማይችለው መናገሩን ነው። ፖምፓውን ጣልኩት።

«አይለቅም» አልኩት። «አንተ ተመትተህ አትገላገላትም። ለዚያ ሽበታም ትደውላለህ።»

«ከተናገርኩ ባስ ያባርረኛል። ሥራ ከሌለኝ ፈቃድ የለኝም። አገር ቤት ቢመልሱኝ ምን እንደሚጠብቀኝ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ግደለኝና ይቅር!»

«አልገድልህም። ማንበብ እችላለሁ ወይስ አልችልም?»

ደሙን በእጅጌው ጠረገ። 

«ትችላለህ» አለ።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው።»

ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ካለ የስልክ ሳጥን ደወለ፤ እኔ ከኋላው ቆሜ በሩን ይዤ። ተቆጣጣሪው በቀጠረን ቀን ማለዳ ትራንስቫል ገበያ ገብቼ የበግ ታፋ ገዛሁ፣ ከነአጥንቱ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ባቡር ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዲያቆኑ ፊቱ እንደ ዱባ አብጧል።  አንዲት አሮጊት የእሱን ፊት፣ የእኔን ፋሻ፣ ከጋዜጣው የሚንጠባጠበውን ደም አይተው ቦታቸውን ቀየሩ።

ዎርክሾፑ ውስጥ ባስ ዲያቆኑን ሲያይ «ማነው የመታህ?» አለ።

«በር ነው።»

«በሩ ፋሻ አለው?» አለ ባስ እኔን እያየ። የሳቀ አልነበረም።

ዲያቆኑ ለተቆጣጣሪው ሁሉንም ተናገረ፤ ላይ ቤቱን፣ ታች ቤቱን፣ ያላጠፋውን ሁለት። የተሰበረው ጥርስ ቃሉን ያፏጨዋል። ባስ «ውሸት ነው፣ ለጓደኛው ብሎ ነው» አለ። ያኔ ታፋውን ከጋዜጣው አውጥቼ እጄ በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩት።

«ጻፍ» አልኩት ዲያቆኑን።

ሳጥኑን አበራና አርባ ጻፈ፤ ፔዳሉን ረገጠ። መንጋጋው ትንሽ ወርዶ ቆመ። ባስ ፈገግ አለ። ታፋውን አነሳሁ። ዲያቆኑ ሰባት መቶ ጽፎ ረገጠ፤ መንጋጋው እስከ ታች ወርዶ ተመለሰ። ታፋውን መለስኩት። እንደገና አርባ ጻፈ።

ረገጠ።

አጥንቱ ፈነዳ። ሥጋው በሁለት በኩል ተፈናጥሮ ወጣ፤ ቅልጥሙ የባስ ሸሚዝ ላይ ተለጠፈ። ሳጥኑ ላይ አርባ ይላል። ተቆጣጣሪው ኮፍያውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ እንጃ። ዲያቆኑ ጥግ ሄዶ አስመለሰ።

እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ፕረሱ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ቆርቆሮውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ በደችኛ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ከዚያ ወደ ባስ ዞርኩ። «ይህን አንብቤዋለሁ። አንተ ግን እጅህን አታውጣ አልከኝ።»

ባስ ተቆጣጣሪውን አየ።  ከኋላ ያሉት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። አንዱ፣ ከዚያ በፊት ጥርሴን ያነቃነቀ ሰውዬ፣ «እኔንም ብሎኛል» አለ።

ባስ ኪያቤ ፈለገ። አጠገቡ አልነበረም።

ዲያቆኑ ከመባረሩ በፊት አንድ ሥራ አስጨረሱት። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ ፊቱ አሁንም እንዳበጠ፣ ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ባዶ ይጻፍበት የምትል አንዲት ትእዛዝ አስገባ። ከዚያ ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ስለ ፈቃዱ አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ትራም መቆሚያው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። እሱ ከንፈሩን ይዳብሳል።

«ያነበብካት…» አለ።

«እ?»

«ሦስተኛዋን ቃል አበላሽተሃታል።»

አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ጀርባዬን ሰጠሁትና አንገቴን ደፋሁ፣ እንደ ድሮው።

«እንግዲያ ይምቱኛ፣ የኔታ።»

ፖምፓ በእጁ የለም።  በመዳፉ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ማጅራቴ ላይ አሳረፈ። ትራም የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ፤ አንዱ «ሄይ!» ብሎ ጮኸ። ትራሙ መጣ። እሱ ተሳፈረ፣ እኔ ቀጣዩን ጠበቅኩ። ማጅራቴ ቤት እስክገባ ድረስ ይነድ ነበር።